ካሜራ የማያየውን አትጻፉ



ከእሑድ ጉባኤ በኋላ ሰዎች ወደ አገልጋይ የሚቀርቡበት ምክንያት ብዙ ነው። አንዱ ለታመመች እናቱ ጸሎት ይፈልጋል፤ ሌላዋ ስለ ጋብቻ መማከር ትሻለች። ከጥቂት ዓመታት ወዲህ ግን አንድ አዲስ ጥያቄ ተጨምሯል። ወጣቶች ስልካቸውን ወይም በክላሰር የታሰረ ወረቀት ይዘው ይመጡና «ፓስተር፣ የፊልም ጽሑፍ ጀምሬያለሁ፤ ጊዜ ካለዎት ያነቡልኛል?» ይሉኛል። ወደ እኔ የሚመጡት በሁለት ምክንያት ነው። አንደኛ፣ የቤተ ክርስቲያናችንን የገናና የፋሲካ ድራማዎች ለብዙ ዓመታት ስጽፍ ኖሬአለሁ። ሁለተኛ፣ በሃምሳዎቹ ዕድሜዬ የአንድ ሙሉ ፊልም ጽሑፍ ይዤ በየማለዳው እንደምታገል ወሬው ወጥቷል።

በር ላይ ቆሞ በአምስት ደቂቃ የሚሰጥ መልስ ለማንም አይበጅም። ስለዚህ ከንባብ፣ ከልምምድና ከራሴ ትግል ያገኘሁትን ሰብሰብ አድርጌ ልጽፍላችሁ ወደድሁ።

አንዳንዶች ገና ከመነሻው «ለአማኝ ይህ ሥራ ይገባዋል ወይ?» ብለው ይጠይቃሉ። እኔ ባደግሁበት ዘመን አንድ ምእመን ሲኒማ ቤት ደጅ ላይ ከታየ ሳምንቱን ሙሉ መነጋገሪያ ይሆን ነበር። ታሪክ መናገር ግን ከእግዚአብሔር ሕዝብ ርቆ አያውቅም። ነቢዩ ናታን ወደ ዳዊት ሲሄድ የክስ ዝርዝር አላነበበም። ስለ አንድ ባለጠጋ፣ ስለ አንድ ድኻና ስለ አንዲት በግ ነገረው። ንጉሡ ሰማ፣ ተቆጣ፣ ፈረደ። ፍርዱ በራሱ ላይ እንደ ሆነ ያወቀው ከፈረደ በኋላ ነው። በሥነ መለኮት ኮሌጅ የስብከት ዝግጅት ስንማር ዋናውን ሐሳብ በአንድ ዓረፍተ ነገር አስቀምጠን ወደ ማብራሪያ እንድንወርድ ሠልጥነናል። ናታን መንገዱን ገልብጦ ሄደ፤ ሐሳቡ የመጣው ከታሪኩ በኋላ ነው። የፊልም ጸሐፊም የሚሄደው በናታን መንገድ ነው።

ካሜራ ልብን አያይም

የልብ ወለድ ደራሲ ወደ አንድ ሰው ሐሳብ ገብቶ ሦስት ገጽ ሊቆይ ይችላል። የፊልም ጸሐፊ የሚጽፈው ግን የሚታየውንና የሚሰማውን ብቻ ነው። እያንዳንዱ ትዕይንት በአንድ መስመር ርእስ ይከፈታል፦ ውስጥ ነው ወይስ ውጭ? የት ነው? ቀን ነው ወይስ ሌሊት? ከዚያ የሚሆነው ነገር በአሁን ጊዜ ይጻፋል፤ ትገባለች፣ ይቀመጣል፣ በሩ ይዘጋል። የተናጋሪው ስም በመካከል ይሰፍርና ንግግሩ ከሥሩ ጠበብ ባለ መስመር ይቀጥላል። ለዚህ ውድ ፕሮግራም አያስፈልግም፤ ደብተርና እስክሪብቶ ለመጀመር ይበቃል።

በዚህ አጻጻፍ አንድ ገጽ በግምት አንድ ደቂቃ ፊልም ይሆናል ይባላል። የመቶ ደቂቃ ፊልም እንግዲህ ወደ 100 ገጽ ነው። ይህ ልኬት ግን ኩሪየር በሚባለው የእንግሊዝኛ ፊደል፣ በ12 ነጥብ መጠን ለሚጻፍ ጽሑፍ የወጣ ነው። በአማርኛ ስንጽፍ እንዳለ ባንወስደው ይሻላል። ጮክ ብላችሁ እያነበባችሁ፣ ዝምታውንና እንቅስቃሴውን እያሰባችሁ በሰዓት ለኩት።

ወጣቶቹ ከሚያመጡልኝ ጽሑፎች በአብዛኞቹ «እናትየዋ በልጇ መለየት ልቧ ተሰብሯል» የሚል ዓይነት ዓረፍተ ነገር አገኛለሁ። እኔም «ልጄ፣ ይህን ካሜራው እንዴት አድርጎ ያነሣዋል?» ብዬ እጠይቃለሁ። ዝም ይላሉ። ከዚያ አብረን እንፈልጋለን። ልጇ ወደ ቤይሩት ከሄደች ሦስት ወር ሆኗታል እንበል። እናት ቡና አፍልታ ለጎረቤቶቿ ትቀዳለች። እጇ ለምዶባት አንድ ሲኒ አትርፋ ትቀዳለች። ሲኒውን ታየዋለች። ቡናውን ወደ ጀበናው አትመልሰውም፤ ማንም ባልተቀመጠበት በርጩማ ፊት ታስቀምጠዋለች። ጎረቤቶቹ ያያሉ፤ ማንም አይናገርም። እዚህ ውስጥ «ልብ» የሚል ቃል የለም፤ ተመልካቹ ግን ልቧን አይቶታል።

የሰውን ልብ በቀጥታ ማየት የሚችል አንድ እግዚአብሔር ነው። እኛ የምናየው ፊትን፣ እጅን፣ በርን፣ ሲኒን ነው። ይህን ወሰን አክብሮ መጻፍ ለእኔ የሙያ ደንብ ብቻ አልሆነም፤ ትሕትናንም አስተምሮኛል።

የሚፈልግ ሰው፣ የሚከለክለውም ነገር

አርስቶትል ከ2,300 ዓመታት በፊት አንድ ታሪክ መጀመሪያ፣ መካከልና መጨረሻ ሊኖረው እንደሚገባ አስተምሯል። አሜሪካዊው ሲድ ፊልድ እ.ኤ.አ. በ1979 ባሳተመው የፊልም አጻጻፍ መጽሐፉ ይህን ሐሳብ ለፊልም ሠሪዎች በሚመች መልክ አስቀመጠው፤ በግምት ከፊልሙ ሩቡ መግቢያ፣ ግማሹ ትግል፣ የቀረው ሩብ መፍቻ። ጠቃሚ ካርታ ነው። ካርታውን የሚራመድበት ሰው ከሌለ ግን ወረቀት ሆኖ ይቀራል።

ያ ሰው አንድ ነገር አጥብቆ ይፈልጋል፤ አንድ ነገር ደግሞ ይከለክለዋል። ታሪክ የሚነሣው ከዚህ ነው። ከዚህ ጋር አንድ ሌላ ጥያቄ አለ፦ የሚፈልገውና የሚያስፈልገው አንድ ነው ወይስ ይለያያል? ጌታችን የነገረንን የጠፋውን ልጅ ታሪክ በዚህ ዓይን አንብቡት። ልጁ የሚፈልገው ድርሻውንና ርቀትን ነው። ያገኘዋል። ገንዘቡ ያልቃል፣ ራብ ይመጣል፣ እሪያ ጠባቂ ይሆናል። ሲመለስ የሚፈልገው የሠራተኛ ቦታ ነው፤ የሚናገረውንም በመንገድ ላይ አዘጋጅቷል። የሚያስፈልገው ግን አባት ነው። አባትየው ስለ ይቅርታ ትምህርት አይሰጥም። ይሮጣል፣ ያቅፋል፤ ልብስ፣ ቀለበት፣ ጫማ ያስመጣል። ይህ ሁሉ የሚታይ ነገር ነው።

መጨረሻውንም ልብ በሉ። ታላቅ ወንድም ከቤት ውጭ ቆሟል፤ አባት ወጥቶ ይለምነዋል። ይግባ አይግባ አልተነገረንም። ተራኪው በሩን ክፍት ትቶ ሄደ፤ በደጅ የቀረነው እኛ ነን። እንዲህ ያለ መጨረሻ ለመጻፍ ድፍረት ይጠይቃል፤ እጃችን ሁልጊዜ በሩን ዘግቶ ማኅተም ለማድረግ ይቸኩላልና።

ገጸ ባሕርያችሁን ሰባኪ አታድርጉ

የአማኝ ወጣቶች ጽሑፍ አንድ የጋራ መልክ አለው። በ80ኛው ገጽ ላይ አንድ መካሪ ሽማግሌ ወይም አንዲት አማኝ አክስት ይመጣሉ፤ አራት ገጽ ሙሉ ይናገራሉ፤ ዋናው ገጸ ባሕርይ ያለቅሳል፣ ይለወጣል፣ ፊልሙ ያልቃል። ፍላጎታቸው መልካም እንደ ሆነ አውቃለሁ። ተመልካቹ ግን ሰው ሲለወጥ አላየም፤ ሰው ሲነገረው አየ።

በመጽሐፍ ቅዱስ ውስጥ ያለውን የአስቴርን መጽሐፍ አስቡ። በዕብራይስጡ ጽሑፍ ውስጥ የእግዚአብሔር ስም አንድ ጊዜ እንኳ አልተጠቀሰም። ንጉሥ እንቅልፍ ያጣል፤ መዝገብ ያስነብባል፤ የተረሳ ውለታ ይገኛል፤ ለመርዶክዮስ በተተከለው ግንድ ላይ ሐማ ይሰቀላል። ስሙ አልተጻፈም፤ እጁ ግን በየምዕራፉ ይታያል።

ከፊልሙ ዓለም አንድ ምሳሌ ልስጣችሁ። «ቴንደር ሜርሲስ» የተባለው አሜሪካዊ ፊልም እ.ኤ.አ. በ1983 ወጣ። ጽሑፉ የሆርተን ፉት ነው፤ በቀጥታ ለፊልም ለተጻፈ ድርሰት የሚሰጠውን የኦስካር ሽልማት አግኝቷል፤ ዋናውን ሰው የተጫወተው ሮበርት ዱቫልም ተሸልሞበታል። ታሪኩ መጠጥ ሕይወቱን ስላበላሸበት የገጠር ዘፈን አቀንቃኝ ነው። በቴክሳስ አውራ ጎዳና ዳር አንዲት መበለት ከምታስተዳድራት ትንሽ ሞቴል ይጠጋል፤ ቀስ በቀስም ሰው ይሆናል። አንድ ቀን ለዓመታት ያላያት ልጁ ልትጠይቀው ትመጣለች። ትንሽ ሳለች ይዘምርላት የነበረውን መዝሙር ያስታውስ እንደ ሆነ ትጠይቀዋለች። አላስታውስም ይላታል። እሷ ከሄደች በኋላ መስኮቱ አጠገብ ብቻውን ቆሞ ያንኑ መዝሙር ይዘምራል። በዚህች አጭር ትዕይንት እፍረቱን፣ ፍቅሩንና የባከኑትን ዓመታት አየን፤ ማንም ስለ እነርሱ አልተናገረም።

በዚሁ ፊልም ውስጥ ጥምቀትም አለ። ሰውየውና የመበለቲቱ ትንሽ ልጅ በአንድ ቀን ይጠመቃሉ። ወደ ቤት ሲመለሱ ልጁ የተለየ ነገር ይሰማው እንደ ሆነ ይጠይቀዋል፤ ሰውየው ገና እንዳልተሰማው ይመልሳል። ብዙዎቻችን ብንሆን እዚያ ላይ ምስክርነት እንጽፍ ነበር። ፉት ግን የታመነ መልስ ጻፈ፤ በዚያ የታመነ መልስ ምክንያትም ለውጡን እናምነዋለን።

እኛ ደግሞ በዚህ ነገር ድኾች አይደለንም። በሰምና ወርቅ ያደገ ሕዝብ የላዩን ተናግሮ የውስጡን ማስያዝ ያውቃል። ሌላም ሀብት አለን። በአማርኛ «አንተ»ና «እርስዎ» አሉን። ለአባቱ ሁልጊዜ «እርስዎ» ሲል የኖረ ልጅ አንድ ማታ «አንተ» ካለው፣ ቤቱ እንደ ፈረሰ ለመግለጽ ሌላ ቃል አያስፈልግም። ሰላምታችንም እንዲሁ ነው። በዕለት ኑሯችን የቤተሰቡን ደኅንነት አንድ በአንድ እንጠያየቃለን፤ ያን ሁሉ ወደ ፊልም ካስገባችሁት ሁለት ገጽ ይበላችኋል። ስለዚህ ትዕይንቱን ሰላምታው ካለቀ በኋላ ጀምሩ፤ ስንብቱ ሳይደርስም ውጡ። የተጣሉ ሁለት ወንድማማቾች ለቅሶ ቤት ተገናኝተው ስለ ልጆቻቸው ሳይጠያየቁ ካለፉ ግን ያ ያጠረ ሰላምታ ራሱ ትዕይንት ነው።

በበራችን ላይ የተቀመጠው ጤፍ

አሁን ወደ ራሴ ጽሑፍ ልምጣ። ከዚህ ሁሉ የከበደኝ እሱ ነውና።

የምጽፈው ታሪክ በደርግ ዘመን፣ ብዙ አብያተ ክርስቲያናት ተዘግተው ምእመናን በየቤቱ በሚሰበሰቡበት ጊዜ የሆነ ነው። አባቴ ቤቱን ለአንድ ትንሽ ኅብረት ከፍቶ ነበር። መዝሙር በሹክሹክታ ይዘመር ነበር፤ ጫማዎች ከደጅ ተነሥተው አልጋ ሥር ይገቡ ነበር። በ1977 ዓ.ም. አባቴና ሌሎች አራት ወንድሞች ታሰሩ። እኔ አሥራ ሁለት ዓመቴ ነበር። ስምንት ወር ቆዩ። ስማቸውን አሳልፎ የሰጠው ከመካከላቸው አንዱ እንደ ሆነ በኋላ ታወቀ። እሱ አሁን በሕይወት የለም። ባለቤቱ ግን አለች፤ ከእኛው ጋር ታመልካለች።

በሦስተኛው ረቂቅ ላይ ስደርስ አንድ ነገር አስተዋልሁ። በጽሑፉ ውስጥ ያ ሰው በር ያንኳኳል፣ ይሰማል፣ ይናገራል፣ ይሄዳል። ሌሎቹ ሁሉ እናት፣ ልጅ፣ ፍርሃት፣ ቀልድ አላቸው፤ እሱ ግን ሥራውን ሠርቶ የሚወጣ ጥላ ነው። የሙያው መምህራን ሁሉ የሚስማሙበት ነገር አለ፤ ተቀናቃኙ በራሱ ዓይን ሲታይ ምክንያት ያለው ሰው መሆን አለበት። እኔ ደግሞ ይህን ምክንያት አላውቀውም። ከዚህም በላይ የእሱን ታሪክ ለሕዝብ ከማውጣቴ በፊት ባለቤቱን መጠየቅ ይገባኝ ነበር። ስለዚህ አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ቤቷ ሄድሁ።

«እትዬ፣ ስለዚያ ዘመን እየጻፍሁ ነው» አልኋት።

ብዙ ቆየች። የምትለቅመውን ምስር አላቆመችም።

«ትልቁ ልጃችን ለውትድርና ስሙ ወጥቶ ነበር» አለችኝ። «ስም ስጥና ስም እንፋቅልህ አሉት። ሦስት ሌሊት አልተኛም። በአራተኛው ሄደ።»

ምንም አልመለስሁም። ትንሽ ቆይታ «እናትህ ለአባትህ ስንቅ ስታመላልስ በራችሁ ላይ ጤፍ ይቀመጥ ነበር፤ ትዝ ይልሃል?» አለችኝ።

እንዴት አይትወሰኝ! እህል በቀበሌ ሱቅ በኮታ በሚሸጥበት በዚያ ክፉ ዘመን፣ በየወሩ ማለዳ በራችንን ስንከፍት በጨርቅ የተቋጠረ ጤፍ እናገኝ ነበር። እናቴ ከወንድሞች አንዱ እንደሚያስቀምጠው ታስብ ነበር። ማን እንደ ሆነ ሳታውቅ ወደ ጌታ ሄደች።

«ከእኛው ኮታ ነበር» አለች ሴትዮዋ። «በእነዚያ ወራት እኛ ንፍሮ በልተናል። ለምን ብዬ አልጠየቅሁትም፤ እሱም አልነገረኝም። ጻፈው፣ ልጄ። የሠራውን ጻፈው። ጤፉንም ግን ጻፈው።»

ጤፉ ስምንቱን ወር አይሰርዝም። አባቴ ከእስር ቤት ይዞት የወጣው ሳል እስከ ዕለተ ሞቱ አልለቀቀውም። በአራተኛው ረቂቅ ውስጥ ሁለቱም አሉ፤ ሌሊት በጨለማ ኮሪደር ስም የሚናገር ሰው፣ ማለዳ ሳይነጋ በጎረቤት ደጅ ቋጠሮ አስቀምጦ የሚሸሽ ያው ሰው። ስለ ንስሓው አንድ ቃል አልጻፍሁም። ካሜራው ጎንበስ ያለውን ጀርባውን ያያል፤ የቀረውን አላውቅም፣ ስለዚህ አልጻፍሁም።

ታላቅ ወንድሜ ረቂቁን አንብቦ የጤፉ ትዕይንት እንዲወጣ ጠየቀኝ። «እሱን ታዝንለታለህ፤ ለአባባስ ማን ያዝንለታል?» አለኝ። ጥያቄው ተገቢ ነው። ስንት ምሽት ተነጋግረንበታል፤ እስካሁን አልተስማማንም። ትዕይንቱን አላወጣሁትም። ነገር ግን ወንድሜ ካለኝ በኋላ አባታችን ከእስር የሚመለስበትን ትዕይንት ደግሜ ጻፍሁት፤ በልጆቹ ፊት ሊታጠብ ሸሚዙን ሲያወልቅ፣ እኛም የጎድን አጥንቱን ስናይ። ተመልካቹ ለአንዱ ሲያዝን የሌላውን ዋጋ እንዳይረሳ።

ጠላታችንን መውደድ እንዳለብን ብዙ ጊዜ ሰብኬአለሁ። ለአንድ ጠላት ምሽት፣ ቤት፣ የታመመ እንቅልፍ መስጠት ግን ሌላ ሥራ ነው። የፊልም ጽሑፍ ይህን በገጽ ላይ እንድሠራው አስገድዶኛል።

ደግሞ መጻፍ፣ ደግሞም መስማት

የመጀመሪያው ረቂቅ ታሪኩን እናንተ የምታውቁበት ነው። ሁለተኛው ለሌላ ሰው የምትነግሩበት ነው። ከዚያ በኋላ ያሉት የማያስፈልገውን የምታወጡባቸው ናቸው። በረቂቅና በረቂቅ መካከል ቢያንስ ሁለት ሳምንት ጽሑፉን አትንኩት፤ ስትመለሱ እንደ ባዕድ ታነቡታላችሁ።

ከዚያ አራት አምስት ሰዎችን ሰብስባችሁ ድምፅ ተከፋፍለው ያንብቡላችሁ። እናንተ አታንብቡ፤ ቁጭ ብላችሁ ስሙ። አንባቢው የተሰናከለበት ንግግር በተዋናይም አፍ ይሰናከላል። ሲጨርሱ «ወደዳችሁት?» ብላችሁ አትጠይቁ፤ ወዳጆች ናቸውና አዎን ይሏችኋል። ይልቁን እነዚህን ጠይቁ፦ የት ላይ ሰለቻችሁ? የት ላይ ግራ ገባችሁ? ከሰዎቹ መካከል ነገ የምታስታውሱት ማንን ነው? በዚህ ቦታ ቀጥሎ ምን ይሆናል ብላችሁ ጠብቃችሁ ነበር? የሚሉትን ጻፉ፤ አትከራከሩ። በፊልሙ መካከል ተነሥታችሁ ለተመልካች ማስረዳት አትችሉምና ከአሁኑ ዝምታን ልመዱ። ሦስት ሰዎች በአንድ ቦታ ላይ ከተሰናከሉ መፍትሔያቸው ልክ ላይሆን ይችላል፤ እዚያ ቦታ ላይ ድንጋይ እንዳለ ግን እውነት ነው።

ወረቀቱ ሲተች ነፍሳችሁ የተተቸች እንዳይመስላችሁ። እናንተ በክርስቶስ ያላችሁ ዋጋ በ40ኛው ገጽ ላይ ባለ ምልልስ አይለካም። ይህን ያወቀ ሰው ትችትን ሳይፈራ ይሰማል፤ ሳይፈራ የሚሰማ ደግሞ ቶሎ ያድጋል።

ትዕግሥትን ከገዛ ወገናችን መማር እንችላለን። ኃይሌ ገሪማ «ጤዛ»ን ሠርቶ ለማውጣት ከአሥር ዓመት በላይ ፈጅቶበታል። ፊልሙ እ.ኤ.አ. በ2008 በቬኒስ ፌስቲቫል የዳኞች ልዩ ሽልማትን ሲያገኝ፣ በምርጥ የፊልም ጽሑፍም ተሸልሟል፤ በተከታዩ ዓመት በቡርኪና ፋሶ የፌስፓኮን ታላቅ ሽልማት ወሰደ። ከሐኪምነት ትምህርት ወደ መንደሩ የተመለሰ ኢትዮጵያዊ ምሁርን ታሪክ፣ በአማርኛ የሚነጋገሩ ሰዎችን ታሪክ፣ ዓለም ቁጭ ብሎ አየው። ታሪካችን ሰሚ እንዳያጣ ብለን የሌላውን አገር መልክ ማልበስ አያስፈልገንም።

ለዕለት ሥራና ለልብ

አንዳንድ ተግባራዊ ነገሮችን ልጨምር።

በቀን አንድ ገጽ ጻፉ። በሳምንት አምስት ቀን ብትጽፉ በ20 ሳምንት 100 ገጽ ይሆናል። እኔ ከጸሎት በኋላ ቤተሰቡ ሳይነሣ አንድ ሰዓት አለኝ፤ ስልኬን ሌላ ክፍል እተዋለሁ። ስሜት እስኪመጣ አልጠብቅም።

የመጀመሪያ ሥራችሁን ትንሽ አድርጉት። ጦርነት፣ ሄሊኮፕተርና ሦስት መቶ ሰው ያለበት ጽሑፍ መሳቢያ ውስጥ ይቀራል። አንድ ቤት፣ ሦስት ሰው፣ አንድ ምሽት ያለበት የአሥር ደቂቃ ታሪክ ግን በወዳጅ ካሜራ ሊቀረጽ ይችላል። የጻፋችሁትን ተዋናይ ሲናገረው መስማት ከብዙ ንባብ ይልቅ ያስተምራል።

የፊልም ጽሑፎችን አንብቡ፤ የወደዳችሁትን ፊልም ድምፁን አጥፍታችሁ እንደገና እዩ። ያለ ንግግር ታሪኩ ምን ያህል እንደሚገባችሁ መዝኑ።

ሥራችሁን ጠብቁ። በአገራችን የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ለድርሰት ሥራ ጥበቃ ይሰጣል። ሐሳብ ብቻውን ግን አይጠበቅም፤ የሚጠበቀው የተጻፈው ነው። ስለዚህ ታሪካችሁን በየካፌው ከማውራታችሁ በፊት ጻፉት፤ ወደ ፕሮዲውሰር ከመሄዳችሁ በፊትም ሥራችሁን በአእምሯዊ ንብረት መሥሪያ ቤቱ ስለ ማስመዝገብ ጠይቁ። ውልም በወረቀት ይሁን፤ «ወንድሜ ነው» ማለት ውል አይደለም።

በመጨረሻ ልባችሁን ጠብቁ። ከእናንተ በኋላ የጀመረ ሰው ፊልሙ ሲመረቅ ታያላችሁ። ቀይ ምንጣፍ ላይ ሲቆም ታያላችሁ። ያን ጊዜ ቅናት ይመጣል፤ ሲመጣም መንፈሳዊ ልብስ ለብሶ «እኔ ለክብር አልጽፍም» ይላል። እሱን መድኃኒት አድርጌ ያገኘሁት አንድ ነገር አለ፤ ስለዚያ ሰው መጸለይ፣ ቲኬት ገዝቶ ፊልሙን ማየት፣ የወደድሁትንም ትዕይንት ደውሎ መንገር።

የእኔ ጽሑፍ እስካሁን ፕሮዲውሰር አላገኘም። አንድ አንብቦ የሚያደርገው ቦታ እንደሌለው በአክብሮት ነገረኝ፤ ሌላው ገና አልመለሰልኝም። አምስተኛውን ረቂቅ ይዣለሁ። ተቀርጾ አየው ይሆን፣ አላውቅም። ይህን ጽሑፍ ስጀምር የአባቴን ታሪክ የማውቅ መስሎኝ አልነበረም፤ ላውቀው ፈልጌ ነበር። ሳልጽፈው ብቀር ኖሮ ግን ያ ጤፍ ከማን እንደ ነበረ ሳላውቅ እኖር ነበር፤ ያቺ እናትም ለአርባ ዓመት የያዘችውን ቃል የምትሰጠው ሰው ሳታገኝ ትቀር ነበር። እንዲህ ያለው ፍሬ ከሲኒማ ቤት በፊት ይገኛል።

እንግዲህ ዛሬ ማታ አንድ ነገር አድርጉ። ከጻፋችሁት ውስጥ «አዘነ»፣ «ተጸጸተ»፣ «አፈቀረ» የሚሉትን ቃላት ፈልጉ። አንዱን ሰርዙት። በቦታው እጁ ምን እንዳደረገ ጻፉ።

ጌታ ማለዳችሁንና ብዕራችሁን ይባርክ። አሜን።